አገር ሊለቅ ከሆነ ሰው አረንጓዴ ኢጓና ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)

ጤና ይስጥልኝ። በመሥሪያ ቤታችን ለጥቂት ዓመታት አብሮን የሠራ የውጭ ዜጋ የሥራ ውሉ አብቅቶ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚያሳድገው አረንጓዴ ኢጓና የተባለ ትልቅ እንሽላሊት አለው፤ ይዞት መሄድ እንደማይችል ስላወቀ እኔ ብወስድለት ደስ እንደሚለው ነግሮኛል። እንስሳው ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ሲለካ ከአንድ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ወንድ ይሁን ሴት ባለቤቱም በእርግጠኝነት አያውቅም። ከነመስታወት ሣጥኑና ከነመብራቶቹ ያለ ክፍያ ነው የሚሰጠኝ።

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ከእኔና ከባለቤቴ በተጨማሪ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅና ገና መዳህ የጀመረች ሴት ልጅ አለን፤ እናቴም አብራን ትኖራለች። ልጄ እንስሳውን ካየው ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። እናቴ ግን «አርጃኖ እቤት አይገባም» ብላ ቁርጡን ተናግራለች፤ አርጃኖ አለመሆኑን ባስረዳትም ለእሷ ልዩነቱ የሚታይ አይደለም። ባለቤቴ ደግሞ እኔው እስከተንከባከብኩት ድረስ እንደማትቃወም ነግራኛለች፤ ይህ ግን እንደ ፈቃድ ሳይሆን እንደ ማስጠንቀቂያ እንደሚቆጠር ያገባ ሰው ሁሉ የሚረዳው ይመስለኛል።

ያነበብኩት ሁሉ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖብኛል። አንዱ ጎመን የሚበላ፣ ድምፅ የሌለውና የማያስቸግር እንስሳ ነው ሲል ሌላው ፈጽሞ አይሞከርም ይላል። ከሁሉ በላይ ማወቅ የምፈልገው የአዲስ አበባ አየር ይስማማው እንደሆነና ከሕፃን ጋር በአንድ ቤት ማኖሩ ጉዳት ያመጣ እንደሆነ ነው። መልስ ለመስጠት የቀረኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ ልምድ ወይም ሙያ ያላችሁ ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ (ከቦሌ)

እኔ ብሆን ሳላቅማማ እቀበለው ነበር። ውሻ ይጮኻል፣ ከጎረቤት ያጣላል፤ ድመትም ሶፋ ትቧጭራለች። ይህ እንስሳ ግን ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ሰላጣ የሚበላ ነው። ስለ አየሩም ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ሣጥኑን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ በቂ ይመስለኛል። አዲስ አበባ እንደ አውሮፓ በረዶ የሚወርድባት ከተማ አይደለችም፤ ለልጅዎም ስለ ተፈጥሮ የሚማርበት ጥሩ አጋጣሚ ይሆንለታል።

መልስ (ከስድስት ኪሎ)

ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድማችን በቅንነት እንደጻፉ አልጠራጠርም፤ ይሁንና ምክራቸው በተግባር ላይ ቢውል እንስሳው ታሞ ሊሞት ስለሚችል ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሜሪላንድ በኖርኩበት ጊዜ አንድ አረንጓዴ ኢጓና ከጫጩትነቱ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት አሳድጌ፣ ወደ አገር ቤት ስመለስ በዚሁ ሥራ ልምድ ላለው ሰው አስረክቤ ነው የመጣሁት።

በመጀመሪያ የመስኮቱን ነገር ላንሳ። ኢጓና በምግብ ያገኘውን ካልሲየም ወደ አጥንቱ ለማድረስ ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል፤ ይህንን ቫይታሚን የሚሠራውም ዩቪቢ የተባለው የፀሐይ ጨረር በቆዳው ላይ ሲያርፍ ነው። ተራ የመስኮት መስታወት ይህንን ጨረር ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል፤ ስለዚህ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ያሞቀዋል እንጂ ከአጥንት በሽታ አያድነውም። ፀሐዩ በረንዳ ላይ፣ በሽቦ ወንፊት በተሠራ ቤት ውስጥ፣ በመሐል መስታወት ሳይኖር ሊያገኘው ይገባል፤ ግማሹ ቦታ ጥላ ሊኖረውም የግድ ነው፤ አለዚያ መሸሻ ያጣና በሙቀት ይሞታል። በዚህ ረገድ እንዲያውም አዲስ አበባ ከሜሪላንድ እጅግ ትሻላለች፤ ለምድር ወገብ የቀረበችና ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ከተማ በመሆኗ ጨረሩ ኃይለኛ ነው። ችግሩ ያለው ከፀሐዩ ላይ ሳይሆን ከብርዱ ላይ ነው።

የዚህ እንስሳ የትውልድ አገር ከሜክሲኮ ጀምሮ እስከ ደቡብ አሜሪካ የሚዘልቀው ቆላማና ሞቃት ደን ነው፤ ኑሮውም በወንዝ ዳር ዛፎች ላይ ነው። የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ስለሆነ፣ ቀን ላይ የሚሞቅበት ስፍራ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የቀረው የቤቱ ክፍል ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ሊሆንለት ይገባል፤ ሌሊትም ከ23 ዲግሪ በታች ባይወርድ ይመረጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ የከተማችን ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች እንደሚወርድ ጠያቂው ከእኔ በላይ ያውቁታል። በክረምት እርጥበቱ ተስማምቶት ሙቀቱ ይጎድለዋል፤ በበጋ ደግሞ የቀኑ ፀሐይ ደስ ሲያሰኘው አየሩ ይደርቅበታል፤ የሚፈልገው እርጥበት ከ60 እስከ 80 በመቶ ነውና ቆዳውን በወጉ መግፈፍ ያቅተዋል።

ሙቀት ለእሱ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሚበላውን ቅጠል የሚያፈጩለት በአንጀቱ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሥራቸውን የሚሠሩት ሰውነቱ ሲሞቅ ነው። ማታ ጎመን ጠግቦ የበረደው ኢጓና ምግቡ ሆዱ ውስጥ እንዳለ ሳይፈጭ ያድራል፤ ይህ ሲደጋገም ፍላጎቱ ይዘጋል፣ ይከሳል፣ በመጨረሻም ይታመማል። በፍሎሪዳ ቅዝቃዜው ወደ 5 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ ኢጓናዎች ደንዝዘው ከዛፍ ላይ የሚወድቁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሙቀቱ ከመብራት ሊመጣ ነው ማለት ነው። 150 ዋት የሚፈጅ የማሞቂያ አምፖል ቀኑን አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ብርሃን የማይሰጥ ተመሳሳይ ማሞቂያ ደግሞ ሌሊቱን አሥራ ሁለት ሰዓት ቢሠራ በቀን 3.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር ከ100 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሆናል፤ የዩቪቢው መብራት ሳይታከል ማለት ነው። ክፍያው ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በከፍተኛ ታሪፍ ስለሚሰላ ሂሳቡ በዚያው ልክ ይጨምራል። ከክፍያው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን መብራት የጠፋ ሌሊት ነው። ለቤተሰብ ሻማ ይበቃል፤ ለኢጓና ግን ጄኔሬተር ወይም በቂ ባትሪ ያስፈልጋል። የዩቪቢ አምፖል ደግሞ ብርሃኑ ለዓይን ደህና እየመሰለ ጨረሩ ስለሚደክም በየስድስት ወሩ ወይም ቢበዛ በዓመቱ መለወጥ አለበት፤ እዚህ ከተማ የሚያገኙት ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው።

አሁን አንድ ሜትር ጥቂት አለፈ ብለዋል። ወንድ ከሆነ ከ1.5 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ከዚህ ርዝመት የሚበልጠው ክፍል ጅራት ነው። ክብደቱም ከ4 እስከ 6 ኪሎ ይሆናል፤ በደንብ ከተያዘም ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። እንግዲህ ዛሬ የዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲወጣም እንስሳው ቤትዎ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። የሚሰጥዎት የመስታወት ሣጥን ለጫጩት የተሠራ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ለጎልማሳ ኢጓና ቁመቱና ርዝመቱ 1.8 ሜትር፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ፣ የሚወጣበት ግንድ ያለው ቤት ያስፈልገዋል። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ይህ የልብስ ቁምሳጥን እንደ መጨመር ነው።

ጠባዩን በተመለከተ፣ የእኔው ከአሥር ቀን ዘጠኙን የተረጋጋ ነበር። በአፍንጫው በኩል ትርፍ ጨው እያነጠሰ መስታወቱን ነጭ በነጭ ያደርገው ስለነበር ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ መወልወል የዘወትር ሥራዬ ነበር። የመራቢያ ወቅቱ ሲደርስ ግን ቆዳው ወደ ብርቱካንማነት ይለወጣል፣ ራሱን እየነቀነቀ አገጩ ሥር ያለውን ቆዳ ይዘረጋል፤ ያን ጊዜ ያለ ወፍራም ጓንት አልቀርበውም ነበር። በጅራቱ ሲመታ አለንጋ ነው፤ ጥርሱም ቅጠል ለመቁረጥ የተሳለ ስለሆነ የነከሰውን ሥጋ ይቀዳል። በአናቱ ላይ ብርሃንና ጥላን የሚለይ ሦስተኛ ዓይን የሚመስል ነጥብ አለው፤ በዚህም ምክንያት እጅ ከላይ ሲመጣበት ጭልፊት የመጣበት ይመስለዋል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ እንስሳ የሚያነሣው ከላይ ነው። ጅራቱን ይዞ መጎተትማ ጨርሶ አይሞከርም፤ ይቆረጣል።

ምግቡ እንደተባለው ቀላል ነው፤ ሰላጣ ግን ውሃ ስለሚበዛበት ብዙም አይጠቅመውም። ጎመን፣ የሽፈራው ቅጠል፣ አልፋልፋ፣ ዱባ፣ ፎሶሊያና አልፎ አልፎ ፓፓያ ቢያገኝ ደስ ይለዋል፤ ሾላ ገበያ አንድ ዙር ቢሄዱ ከሽፈራውና ከአልፋልፋ በስተቀር ሁሉም ይገኛል። ቆስጣና ስፒናች ውስጣቸው ካልሲየምን አስሮ የሚያስቀር ንጥረ ነገር ስላለ የዘወትር ምግቡ ሊሆኑ አይገባም። ሥጋ፣ እንቁላልና የድመት ምግብ ፈጽሞ አይሰጠውም፤ ኩላሊቱን ይጎዱታል።

ተለይቶ የሚሞቅ አንድ ትርፍ ክፍልና አስተማማኝ የመብራት ምንጭ ከሌለዎት እንዳይቀበሉት እመክራለሁ።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ከሜክሲኮ አካባቢ)

ከስድስት ኪሎ የጻፉት ሰው በሙቀቱና በአመጋገቡ ላይ የሚጨመርበት ብዙም አላስቀሩም፤ እኔ በሕፃኗ ጉዳይ ላይ ላተኩር።

ኢጓናን ጨምሮ ብዙ እንሽላሊቶች በአንጀታቸው ውስጥ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ይዘው ይኖራሉ። እንስሳው ምንም ዓይነት የሕመም ምልክት አያሳይም፤ ባክቴሪያውንም አንዳንዴ ከዓይነ ምድሩ ጋር ያስወጣል፣ አንዳንዴ አያስወጣም፤ በመሆኑም አንድ ጊዜ ተመርምሮ ነጻ ነው መባሉ ዋስትና አይሆንም። መድኃኒት ሰጥቶ ማጽዳትም አይቻልም፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲላመድ ማድረግ ብቻ ነው የሚተርፈው። ለጤነኛ ጎልማሳ የተቅማጥና የትኩሳት ጉዳይ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን ግን ወደ ደም ሊገባና ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል። የርስዎ ቤት ከእነዚህ መካከል ሕፃን አለበት፤ እናትዎም ምናልባት በዕድሜ የገፉ ይሆናሉ።

የምትድህ ልጅ እንስሳውን ባትነካው እንኳ እሱ የሄደበትን ወለል በእጇ ነክታ እጇን ወደ አፏ ትወስዳለች። እርስዎ ሣጥኑን አጽድተው እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ ቢያቅፏትም ውጤቱ ያው ነው። የምግብና የውሃ ዕቃው በወጥ ቤት መታጠቢያ ውስጥ ሊታጠብ አይገባም፤ ሆኖም በአፓርታማ ውስጥ ሌላ መታጠቢያ ያለው የሻወር ክፍሉ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሕፃኗ ትታጠባለች። በእኔ አስተያየት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን ባለበት ቤት ውስጥ ኢጓና ባይገባ ይሻላል፤ ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ቢሆን እንኳ ይህን ምክሬን አልለውጠውም።

ሁለተኛው ነገር ሕክምናው ነው። በአገራችን የእንስሳት ሐኪሞች ሥልጠናና ልምድ በአመዛኙ በከብት፣ በበግና በፍየል፣ በዶሮ፣ በከተማ ደግሞ በውሻና በድመት ላይ ነው። ኢጓና ሲታመም በቅርብ የሚረዳዎት ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ሴት ብትሆን ደግሞ ያለ ወንድም እንቁላል ትይዛለች፤ የምትጥልበት የተቆፈረ አሸዋማ ስፍራ ካላገኘች እንቁላሉ በሆዷ ቀርቶ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋት ይችላል። ጾታውን ለመገመት የኋላ እግሮቹን ጭን በውስጥ በኩል ይመልከቱ፤ በተርታ የተደረደሩት ነጠብጣቦች ጎላ ብለው የሚታዩ ከሆነ ወንድ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ሦስተኛ፣ ሰነዱን ይጠይቁ። አረንጓዴ ኢጓና ከ1977 ጀምሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን በሚቆጣጠረው ሳይተስ በተባለው ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ የተመዘገበ ነው፤ ኢትዮጵያም በዚያው አቆጣጠር በ1989 የስምምነቱ አባል ሆናለች። ስለዚህ ድንበር ሲሻገር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ባለቤቱ ይህንን ወረቀት ሊያሳይዎት ካልቻለ ጥያቄው ለእርስዎ ይተርፋልና ከመቀበልዎ በፊት የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ማነጋገር ተገቢ ነው።

ጠያቂው (ከአራት ኪሎ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ የሕፃኗ ነገር ነገሩን ጨርሶታል። ትናንት ወደ ባለቤቱ ቤት ሄጄ እንስሳውን ደግሜ አየሁት። መብራቱ ከተገዛ ጀምሮ ተለውጦ እንደማያውቅ፣ ከጎመን ጋር የድመት ምግብም ይሰጠው እንደነበር ነገረኝ። የኋላ እግሮቹ ጭን ያበጠ ይመስላል፤ ሲራመድም ሆዱን ከመሬት በደንብ አያነሣም። ባለቤቱ ስለጠገበና ስለወፈረ ነው ይላል። ወረቀቱን ጠይቄው ከሌላ ሰው የተቀበለው መሆኑን፣ ሰነድ ግን እንዳልተሰጠው ገለጸልኝ።

እኔ እንደማልወስደው አሳውቄዋለሁ። አሁን ግን ሌላ ሐሳብ አምጥቷል፤ ድሬዳዋ ሞቃት ስለሆነ እዚያ ያለ ወዳጁ እንዲወስደው፣ ካልሆነም አዋሽ አካባቢ ወንዝ ዳር ቢለቀው ይሻላል ይላል። ይህ ትክክል ነው? ወደ ሐኪም መውሰድ ካለበትስ በብርድ እንዳይጎዳ በምን ዓይነት ሁኔታ ነው የሚጓጓዘው?

መልስ (ከስድስት ኪሎ)

ወንዝ ዳር የመልቀቁን ነገር እባክዎ በማንኛውም መንገድ ያስተዉት። አዲስ አበባ ውስጥ ቢለቀቅ ብርዱ ይገድለዋል፤ አዋሽ ዳር ቢለቀቅ ደግሞ ላይሞት ይችላል፤ አሳሳቢውም ይኸው ነው። በፍሎሪዳ፣ በፖርቶ ሪኮና በታይዋን ሰዎች ሰልችተዋቸው የለቀቋቸውና ያመለጡ ኢጓናዎች ተራብተው የአትክልት ማሳ የሚበሉ፣ የወንዝና የቦይ ዳርቻ እየቆፈሩ የሚያፈርሱ ሆነዋል። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 70 እንቁላል ትጥላለች። ፍሎሪዳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2021 ጀምሮ እንስሳውን በግል መያዝን ከልክላለች። አንዱ ብቻውን አይራባ ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለተኛውን የሚለቅ ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ሴቷም እንቁላል ይዛ ቢሆንስ?

ድሬዳዋ ከፍታዋ ወደ 1,200 ሜትር ስለሆነ ሌሊቱ ከእኛው የሞቀ ነው፤ የማሞቂያው ወጪም በእጅጉ ይቀንሳል። ነገር ግን አየሩ ደረቅ በመሆኑ ውሃ በየቀኑ መርጨትና የሚነከርበት ሰፊ ገንዳ ማዘጋጀት የግድ ይላል። ወዳጁ ሕፃን የሌለበት ቤት፣ ግቢ ያለውና ፈቃዱን ለማስተካከል የሚተጋ ከሆነ ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ከሜክሲኮ አካባቢ)

ያበጠው ጭን ጥጋብ አይደለም። የገለጹት ምልክት፣ ከደከመው መብራትና ከምግቡ ጋር ሲደመር፣ በካልሲየም እጥረት የሚመጣውን የአጥንት በሽታ የሚያመለክት ነው፤ አጥንቱ ሲሳሳ ሰውነት ጭኑን በጅማት መሰል ነገር ይሞላዋል፤ ስለዚህ ሲያዩት የወፈረ ይመስላል። የታችኛው መንጋጋው ለስለስ ብሎ የሚተጣጠፍ ከሆነ፣ ወይም ጣቶቹ የሚንቀጠቀጡ ከሆነ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ባለቤቱ እንስሳውን አንሥቶ ማገላበጡን ይተው፤ እንዲህ ያለ አጥንት በቀላሉ ይሰበራል። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ወደ ድሬዳዋ በመኪና መላኩንም አልደግፍም፤ መጀመሪያ ታይቶ ሕክምና ይጀምር።

ከባለሥልጣኑ ጋር የሚነጋገረውም ራሱ ባለቤቱ፣ ገና አገር ሳይለቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ከሄደ በኋላ ማን እንደሰጠው፣ ከየት እንደመጣ የሚመልስ ሰው አይኖርም። እርስዎ ቋንቋ በማስረዳት ቢረዱት መልካም ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን ስምዎ እንደ ባለቤት እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

ለጉዞው፣ አየር ማስገቢያ የተበሳ ጠንካራ ካርቶን ውስጥ ከታች ፎጣ ተነጥፎለት ይግባ፤ ጨለማው ያረጋጋዋል። የፕላስቲክ ጠርሙስ በሞቀ ውሃ ሞልታችሁ በሌላ ፎጣ ጠቅልላችሁ በአንድ ጎኑ አስቀምጡለት፤ ሲሞቀው የሚሸሽበት ሌላው ጎን ባዶ ይሁን። ጠዋት በብርድ አታውጡት፤ ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የመኪናው መስኮት ተዘግቶ ቢመጣ ይሻላል። የድመት ምግቡ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፤ የተሸከመውም ሰው ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ልብሱንም ይለውጥ።